ስለ ማዕድን እርጥበትና ስለ ነጋዴው ሒሳብ

በሚዛን የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ በውስጡ ውሃ ሊደብቅ ይችላል። የቡና ነጋዴ ይህን ከማንም አስቀድሞ ያውቀዋል። ፍሬውን በእጁ ሲያፍሰው፣ በጥርሱ ሲሰብረው፣ በመለኪያም ሲያስመረምረው አጥብቆ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ የውሃው መጠን ነው። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት በ2004 ባሳለፈው ውሳኔ ለውጭ ገበያ የሚቀርበው ቡና እርጥበቱ ከ8 በመቶ እንዳያንስ፣ ከ12.5 በመቶም እንዳይበልጥ ያለው ስለዚሁ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በርበሬውም፣ ሰሊጡም፣ ባቄላውም በዚሁ ሥርዓት ይመዘናሉ፤ ውሃን በእህል ዋጋ የሚገዛ ነጋዴ በገበያ መካከል መሳቂያ መሆኑ የታወቀ ነው።

ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ወደ ማዕድን ንግድ በገባ ጊዜ ጥንቃቄውን ከፋብሪካው በር ላይ ትቶት ሲገባ ይታያል። ማዕድን ማጠብ፣ ማጣራትና ማድረቅ የመሐንዲስ እንጂ የነጋዴ ጉዳይ አይደለም የሚል አስተሳሰብ አለ። ፋብሪካ ለማቋቋም የሚነሣ ሰውም ገንዘቡ ያጠረው እንደሆነ በመጀመሪያ የሚቀንሰው ከመፍጫው ወይም ከመለያው ሳይሆን በሰልፉ መጨረሻ ከቆመው ከማጣሪያው ላይ ነው። «ጭቃው በፀሐይ ይደርቃል» ይባላል። ይህ አነጋገር ለጊዜው ገንዘብ ያዳነ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ውሃው በፋብሪካው ውስጥ ያልተከፈለበትን ዋጋ በመንገድ፣ በባሕርና በወንዝ ዳር ያስከፍላል። ውሃን ከማዕድን መለየት የመጨረሻ ሥራ ስለ ሆነ ከሁሉ ያነሰ ሥራ ነው ማለት አይገባም። የንግዱ ትርፍና ኪሳራ በብዙ የሚወሰነው በዚሁ በመጨረሻው ሥራ ነው።

ጭቃው ከየት ይመጣል

ከመሬት የሚወጣው የመዳብ፣ የዚንክ ወይም የሌላ ብረት ድንጋይ አብዛኛው ክፍሉ ተራ ድንጋይ ነው፤ ጠቃሚው ማዕድን በውስጡ እንደ ጨው ተበትኖ ይገኛል። ጠቃሚውን ከማይጠቅመው ለመለየት ድንጋዩ ተሰብሮ እንደ ዱቄት እስኪልም ድረስ ከውሃ ጋር ይፈጫል። ከዚያም በሚገባው መድኃኒት ተለውሶ አየር ሲነፋበት የብረቱ ቅንጣት ከአረፋው ጋር ተጣብቆ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ተራው ድንጋይ ከታች ይቀራል። ይህ የአረፋ ዘዴ ከ1905 አንሥቶ በአውስትራሊያ በብሮከን ሂል በሰፊው ከተሠራበት ወዲህ የዓለም የመዳብ፣ የእርሳስና የዚንክ ንግድ በአብዛኛው በእርሱ ላይ ተመሥርቷል። ከላይ የተሰበሰበው የበለጸገ ማዕድን በንግድ ስሙ ኮንሰንትሬት ይባላል፤ ከታች የቀረው ደግሞ ዝቃጭ ነው።

እንግዲህ ሁለቱም፣ የሚሸጠውም የሚጣለውም፣ ከመለያው የሚወጡት እንደ አጥሚት የቀጠኑ ሆነው ነው። ለእያንዳንዱ ቶን ደረቅ ዱቄት አንድ ቶንና ከዚያም የሚበልጥ ውሃ አብሮ ይፈስሳል። ይህ ውሃ በሦስት ደረጃ ይወጣል።

የመጀመሪያው ማዝቀጥ ነው። በጀበና ውስጥ የቡናው አተላ ከታች ሲቀመጥ ጥሩው ከላይ እንደሚጠልል ሁሉ፣ ጭቃው ሰፊ በሆነ ክብ ገንዳ ውስጥ ይረጋል። ከገንዳው ሥር በዝግታ የሚዞሩ ክንዶች የወፈረውን ጭቃ ወደ መካከል እየጠረጉ ያወጡታል፤ የጠለለው ውሃ በጠርዙ ፈስሶ ወደ ወፍጮው ይመለሳል። ያለማቋረጥ የሚሠራውን ይህን ገንዳ በ1905 በአሜሪካ በደቡብ ዳኮታ የወርቅ ማውጫ የፈለሰፈው ጆን ዶር ነው። ቅንጣቱ እጅግ ልሞ በራሱ የማይዘቅጥ እንደሆነ ቅንጣቶቹን እያቋጠረ የሚያከብድ ኬሚካል ይጨመርበታል።

ሁለተኛው ማጣራት ነው። የወፈረው ጭቃ በጨርቅ ላይ ይፈስሳል፤ ውሃው በጨርቁ ሲያልፍ ጠጣሩ እንደ ቂጣ ሆኖ በላዩ ይቀራል። ጠጅ በሚጠለልበት ቤት የሚታየው ሥራ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የማዕድኑ ጭቃ በገዛ ክብደቱ ብቻ ስለማይወርድ ወይ ከታች የሚመጠው፣ ወይ ከላይ የሚጫነው ኀይል ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው በእሳት ማድረቅ ነው። ይህ ከሁሉ ይልቅ ውድ ነው። የተፈጥሮ ሕግ ራሱ እንደሚያስረዳው፣ አንድ ኪሎ ውሃ ከበረዶነት ወሰን አንሥቶ እስኪፈላ ድረስ ከሚፈጀው ሙቀት ይልቅ፣ የፈላውን ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚያስፈልገው ከ5 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ በጨርቅና በግፊት የወጣ እያንዳንዱ ሊትር ውሃ ከነዳጅ ወጪ የዳነ ገንዘብ ነው። ማጣሪያው ደካማ የሆነበት ፋብሪካ ጉድለቱን በምድጃ ለመሙላት ይገደዳል፤ ነዳጅ ከባሕር ማዶ በሚመጣበት አገር የዚህን ውጤት ለመገመት አዋቂ መሆን አያሻም።

የመንገዱ ሒሳብ

አሁን ነገሩን በቁጥር መመልከት ይገባል። አንድ ላኪ 10,000 ቶን ኮንሰንትሬት አለው እንበል፤ እርጥበቱ 15 በመቶ ነው። በዚህ ክምር ውስጥ 8,500 ቶን ደረቅ ማዕድንና 1,500 ቶን ውሃ አለ። ይኸው ማዕድን በተሻለ ማጣሪያ አልፎ እርጥበቱ ወደ 8 በመቶ ቢወርድ፣ 8,500 ቶን የሚሆነው ደረቁ ማዕድን ሳይነካ ጠቅላላው ክብደት 9,239 ቶን ይሆናል። ልዩነቱ 761 ቶን ነው፤ ይህም በ40 ቶን የጭነት መኪና ቢሰላ 19 መኪና ሙሉ ውሃ ማለት ነው። ገዢው በሁለቱም ጊዜ የሚከፍለው ስለዚያው ስለ 8,500 ቶን ደረቅ ማዕድን ሲሆን፣ የ19ኙን መኪና ኪራይ ግን ላኪው ይከፍላል።

በወደብ አጠገብ ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል ሊሆን ይችላል። ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ ረጅም ለሆነበት ላኪ ግን ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የራሷ የባሕር በር የላትም፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚደርሰው የምድር ባቡር መሥመር ብቻውን 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ማዕድን የሚገኝባቸው ቦታዎች ደግሞ ብዙዎቹ ከዚህ መሥመር የራቁ ናቸው። በጎረቤት አገር በኤርትራ የቢሻ ማዕድን ማውጫ ከ2013 ጀምሮ መዳብ፣ ከ2016 ጀምሮም ዚንክ በኮንሰንትሬት መልክ እያወጣ በጭነት መኪና ወደ ምጽዋ ወደብ ልኳል፤ በዚህ በአፍሪካ ቀንድም እንዲህ ያለው ንግድ እንግዳ አለመሆኑን ያሳያል። ማዕድንን በብዛት ወደ ባሕር ለማድረስ የሚያስብ የኢትዮጵያ ነጋዴ ውሃን በኪሎ ሜትር የማጓጓዝ ሒሳብ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሊያሰላ ይገባዋል።

በዓለም ገበያ ኮንሰንትሬት የሚሸጠው በደረቅ ቶን መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ዕቃው እርጥብ ሆኖ ይመዘናል፤ ናሙናው በ105 ዲግሪ ሙቀት ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ይደርቃል፤ የጎደለው ክብደት ውሃ ነውና ከሒሳቡ ይቀነሳል። ስለ እርጥበት አንዳች ቃል የሌለበትን ውል የሚፈርም ገዢ ግን ከላይ በተሰጠው ምሳሌ መሠረት 1,500 ቶን ውሃ በብረት ዋጋ ሊገዛ ይችላል። በኪሎ የሚገዛው አነስተኛ ነጋዴም ቢሆን ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም፤ መጠኑ ያንሳል እንጂ ጉዳቱ አንድ ነው።

በአንጻሩ ደግሞ ማዕድንን እንደ አመድ አድርቆ መላክ አይበጅም። ከመጠን በላይ የደረቀ ኮንሰንትሬት በመጫኛና በማራገፊያ ላይ እየበነነ ይጠፋል፤ የሠራተኛውን ሳንባ ይጎዳል፤ ድኝ ያለበት ማዕድን ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በራሱ ይግላል። ስለዚህ የሚፈለገው ፍጹም ድርቀት ሳይሆን የታወቀና የተወሰነ እርጥበት ነው። ቡናን ከ8 በመቶ በታች ማድረቅ ጥፋት እንደሆነ የሚያውቅ ነጋዴ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በባሕር ላይ የሚደርሰው

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው አባባል ከሁሉ ይልቅ የሚሠራው በመርከብ ላይ ነው። የላመ ማዕድን እርጥበት ሲኖረው በክምር ላይ ያለ እንደሆነ ደረቅ አሸዋ ይመስላል፤ ሰው በላዩ ይራመድበታል። መርከቡ በማዕበል ሲናወጥና በሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ግን ቅንጣቶቹ እየተጠጋጉ በመካከላቸው ያለውን ውሃ ይጨምቁታል፤ ውሃውም መውጫ ሲያጣ ቅንጣቶቹን ያንሳፍፋቸዋል። በዚህ ጊዜ ጠጣር የነበረው ጭነት በድንገት እንደ ሾርባ ሆኖ ወደ አንድ ወገን ይፈስሳል፤ መርከቡም ያዘነብላል፤ ተመልሶ ሳይቃናም ይገለበጣል።

ይህ ተረት አይደለም። በ2010 ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ባሉት ስድስት ሳምንታት ያህል ጂያን ፉ ስታር፣ ናስኮ ዳይመንድና ሆንግ ዌይ የተባሉ ሦስት መርከቦች ከኢንዶኔዥያ የኒኬል አፈር ጭነው ሲጓዙ ሰጥመው 44 መርከበኞች ጠፍተዋል። በጥር 2015 መጀመሪያም በልክ ጁፒተር የተባለው መርከብ ከማሌዥያ 46,000 ቶን ያህል ቦክሳይት ጭኖ ሲሄድ ከቬትናም ጠረፍ ማዶ ሰጠመ፤ ከ19 መርከበኞች የተረፈው አንድ ብቻ ነበር። እነዚህ ጭነቶች በማጣሪያ ያላለፉ፣ ዝናብ የመታቸው ጥሬ አፈሮች ነበሩ፤ ነገር ግን የተጣራውም ኮንሰንትሬት እርጥበቱ ከወሰን ያለፈ እንደሆነ በዚሁ መንገድ ይፈስሳልና በባሕር ሕግ ዘንድ ከእነዚሁ አደገኛ ጭነቶች ጋር ይመደባል።

ከጥር 1 ቀን 2011 ጀምሮ በግዴታ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የጅምላ ጭነት ደንብ እንዲህ ላለው ማዕድን ሁሉ የእርጥበት ወሰን እንዲወሰንለት ያዝዛል። በተለመደው የመመርመሪያ ዘዴ ይህ ወሰን ጭነቱ መፍሰስ ከሚጀምርበት እርጥበት 90 በመቶው ነው። ላኪው የወሰኑን ምርመራ ከስድስት ወር ባልበለጠ ጊዜ፣ የጭነቱን እርጥበት ደግሞ ከመጫኑ በፊት ባሉት ሰባት ቀናት ውስጥ አስመርምሮ ለመርከቡ አዛዥ በጽሑፍ ማቅረብ አለበት። በእነዚህ ቀናት መካከል ብርቱ ዝናብ በክምሩ ላይ የወረደ እንደሆነ ምርመራው እንደ አዲስ ይደረጋል።

ደንቡ በወደብ ላይ ማንም ሊያደርገው የሚችል ቀላል ፈተናም ይሰጣል። ቆርቆሮ እስከ ግማሹ በማዕድኑ ተሞልቶ ከ20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በጠንካራ ወለል ላይ 25 ጊዜ በተከታታይ ይመታል፤ በላዩ ውሃ ቢታይ ወይም ማዕድኑ እንደ ጭቃ ቢላላ ጭነቱ ወደ መርከብ ከመግባቱ በፊት በላቦራቶሪ ዳግመኛ መመርመር አለበት። ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ይህ ፈተና መጥፎውን ያጋልጣል እንጂ ጥሩውን አያረጋግጥም። ቆርቆሮው ደረቅ ሆኖ ቢታይም የላቦራቶሪውን ወረቀት የሚተካ አይደለም።

የመርከቡ አዛዥ ጭነቱን አልቀበልም ሲል የሚከተለው ወጪ ለነጋዴው የተሰወረ አይደለም፤ መርከቡ ቆሞ በቀን ኪራዩ ይቆጠራል፤ ክምሩ በወደብ ዳር ተዘርግቶ እንደገና ይደርቃል፤ ገዢውም በጊዜው ባለመድረሱ ቅጣት ይጠይቃል። ፋብሪካው ማጣሪያ ሲገዛ «ተረፈ» የተባለው ገንዘብ በዚህ ቦታ ከነወለዱ ይከፈላል።

መሣሪያው ሲገዛ

በዚህ ረገድ ለአስመጪው የሚጠቅም አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የቦታው ከፍታ ነው። የማጣሪያ መሣሪያዎች በጠቅላላው በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ከጨርቁ በታች ያለውን አየር በፓምፕ እየመጠጠ ውሃውን የሚስብ ነው፤ እንደ በርሜል የሚዞረው፣ በሳሕኖች የተሠራውና እንደ ቀበቶ የሚሄደው ማጣሪያ ከዚህ ወገን ናቸው። ሌላው ወገን በጨርቅ በተሸፈኑ ሰሌዳዎች መካከል ጭቃውን በፓምፕ አስገብቶ በኀይል የሚጨምቀው ነው፤ ፊልተር ፕሬስ የሚባለው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ወገን የሚሠራው በሌላ ኀይል ሳይሆን ከላይ በሚጫነው በተፈጥሮ አየር ግፊት ነው። በባሕር ጠረፍ የአየሩ ግፊት 100 ቢባል፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በአዲስ አበባ አካባቢ 75 ወይም 76 ብቻ ነው። ፓምፑ ከጨርቁ በታች 20 የሚያህል ግፊት ቢያስቀር፣ በጠረፍ የሚሠራው ኀይል 80፣ በአዲስ አበባ ደጋ የሚሠራው ግን 56 ይሆናል፤ ሦስት አሥረኛው ጠፋ ማለት ነው። በባሕር ጠረፍ በተሞከረ ካታሎግ የተጻፈውን የሥራ ብዛት አምኖ ይህን መሣሪያ ወደ ደጋ ያመጣ ሰው መሣሪያው ቢያንስበት ጥፋቱ የሻጩ ብቻ አይደለም፤ ከፍታውን ሳይነግር አዝዟልና። ከባሕር ወለል 100 ሜትር ከሚበልጥ ጥልቀት በታች ባለው በዳናክል ዝቅተኛ ስፍራ ደግሞ አየሩ ከጠረፉም በጥቂቱ ይከብዳል፤ እዚያ ይህ ችግር የለም። በአንዲት አገር ውስጥ አንድ ዓይነት መሣሪያ በሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ውጤት ሊሰጥ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ፊልተር ፕሬስ ግን ኀይሉን ከፓምፑ ስለሚያገኝ ከከባቢ አየር ግፊት በላይ ብዙ እጥፍ ሊጨምቅ ይችላል፤ ስለዚህ እጅግ ለላመ ማዕድንና ለደጋ ስፍራ የተሻለ ነው። ጉድለቱም መነገር አለበት። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ያለማቋረጥ ሳይሆን እየሞላና እየተራገፈ ይሠራል፤ ጨርቁ፣ ሰሌዳውና ፓምፑም የማያቋርጥ እንክብካቤ ይሻሉ። ቂጣውን በአየር የሚያደርቅ ከሆነ ደግሞ የአየር መጭመቂያውም በደጋ ላይ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ከፍታው እዚህም መታሰብ ይገባዋል።

ከዚህ የተነሣ የሚቀርበው ተቃውሞ ይታወቃል፤ «አነስተኛ ካፒታል ያለው ሰው ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል?» የሚል ነው። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። ወርቅን ቀልጦ በተጣለ ጡብ መልክ የሚሸጥ ፋብሪካ በመርከብ የሚጫን ጭቃ የለውምና ስለ ኮንሰንትሬት ማጣሪያ የተነገረው ሁሉ አይመለከተውም። ጥቂት ቶን ብቻ የሚያወጣ ሰውም በክረምት ካልሆነ በቀር በሲሚንቶ ወለል ላይ በፀሐይ ቢያደርቅ ያዋጣው ይሆናል። በሺሕ ቶን የሚያስብ ግን መፍጫውን ከፍሎ ማጣሪያውን ማስቀረት ቤት ሠርቶ ጣራ እንደ መንሣት ይሆንበታል። ካፒታሉ የማይበቃ ከሆነ የሚሻለው ጠቅላላ ፋብሪካውን አሳንሶ ሁሉን ማሟላት ነው።

ከፋብሪካው በታች ስላለው ሰው

እስካሁን የተነገረው ስለሚሸጠው ማዕድን ነበር። ዝቃጩ ደግሞ አይሸጥም፤ ስለዚህ በነጋዴው መዝገብ ውስጥ ስፍራ የለውም ተብሎ ይታሰባል። ብዙውን ጊዜም በውሃው እንዳለ ከአፈር ግድብ ኋላ ይጠራቀማል። ግድቡ እስከ ቆመ ድረስ ወጪው ትንሽ ነው።

ግድቡ ሲፈርስ የሆነውን ዓለም በብራዚል አይቷል። በኅዳር 5 ቀን 2015 በማሪያና አጠገብ የፈረሰው የብረት ማዕድን ዝቃጭ ግድብ 19 ሰዎችን ገድሎ የዶሴን ወንዝ እስከ ባሕር ድረስ አጠፋ። ሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት እንዳለፈ በጥር 25 ቀን 2019 በብሩማዲኞ ሌላ ግድብ ፈርሶ 270 ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከግድቡ በታች ባለው የፋብሪካው መመገቢያ ቤትና መሥሪያ ቤት የነበሩ ሠራተኞች ነበሩ። በሁለቱም ስፍራ ግድቡን የጣለው የረጋ የመሰለ እርጥብ ዝቃጭ በድንገት መፍሰሱ ነው፤ በመርከብ ላይ የሚሠራው ያው ሕግ በየብስም ሠራ። በአፍሪካም በየካቲት 18 ቀን 2025 በዛምቢያ በቻምቢሺ የመዳብ ፋብሪካ ግድብ ተሰብሮ አሲድ ያለበት ውሃ ወደ ካፉዌ ወንዝ ሥርዓት ገባ፤ የኪትዌ ከተማ የውሃ አቅርቦትም ተዘጋ። በዚያች ከተማ ሱቅ ያለው ሰው ከማዕድኑ ንግድ አንዳች ድርሻ ባይኖረውም ከጉዳቱ ተካፍሏል።

ከብሩማዲኞ ወዲህ ብራዚል የፈረሱትን በመሰለ አሠራር፣ ማለት በራሱ በዝቃጩ ላይ እየተደራረበ ወደ ላይ የሚሠራውን ግድብ ከልክላለች፤ በነሐሴ 2020ም ስለ ዝቃጭ አያያዝ ዓለም አቀፍ መመሪያ ወጥቷል። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ዝቃጩንም እንደ ኮንሰንትሬቱ በማጣሪያ አሳልፎ በቂጣ መልክ መከመርና መጠቅጠቅ ነው። በቺሌ ሰሜን ውሃ በማይገኝበት በረሃ በላ ኮይፓ የወርቅና የብር ማዕድን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይህ ተሠርቶበታል።

የዚህ ዘዴ ጥቅም በውሃውም ይታያል። ግማሽ በግማሽ የሆነ ጭቃ ለእያንዳንዱ ቶን ደረቅ ዝቃጭ አንድ ቶን ውሃ ይዞ ይሄዳል። ተጣርቶ እርጥበቱ 20 በመቶ ሲሆን የሚይዘው ሩብ ቶን ብቻ ነው። በቀን 1,000 ቶን ዝቃጭ የሚያወጣ ፋብሪካ እንግዲህ 750 ሜትር ኩብ ውሃ በየቀኑ ወደ ወፍጮው ሊመልስ ይችላል። ገበሬውና ከብቱ በአንድ ወንዝ በሚጠጡበት አገር ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ዳሩ ግን ዘዴው ሁሉን የሚፈውስ አይደለም። ዝቃጩ ከኮንሰንትሬቱ እጅግ ይበዛልና የማጣሪያው ወጪ ከባድ ነው፤ ክረምቱ ብርቱ በሆነበት ስፍራም ክምሩ ቦይና መከለያ ካልተደረገለት የወጣው ውሃ በዝናብ ተመልሶ ይገባበታል። ሆኖም ወጪው ከባድ ነው ብሎ ከመደምደም አስቀድሞ ከምን ጋር ሲነጻጸር እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። የፈረሰ ግድብ ካሳ፣ የተዘጋ ፋብሪካና ከሁሉ በላይ የሰው ሕይወት በአንዱ ሚዛን ላይ ሲቀመጡ ማጣሪያው ውድ ሆኖ አይገኝም።

ከነጋዴው የሚጠበቀው

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ምክር አጭር ነው።

አስመጪው የማጣሪያ መሣሪያ ከማዘዙ በፊት የራሱን ማዕድን ናሙና ወደ ፋብሪካው ልኮ ያስሞክር፤ በትእዛዙም ወረቀት ላይ መሣሪያው የሚተከልበትን ከፍታ፣ የማዕድኑን ልመትና የሚፈልገውን የመጨረሻ እርጥበት ይጻፍ፤ ሻጩም ውጤቱን በዋስትና እንዲያረጋግጥ ይጠይቅ። መለዋወጫ ጨርቅ ሳይገዛ መሣሪያ አይግዛ፤ ጨርቁ የተደፈነ ማጣሪያ ምንም ያህል ቢያበራ ከተራ ብረት አይሻልም።

ላኪው በውሉ ውስጥ ዋጋው በደረቅ ቶን መሆኑን፣ እርጥበቱ በማን፣ የትና በምን ዘዴ እንደሚለካ በግልጥ ያስገባ። ናሙናው ሦስት ቦታ ተከፍሎ አንዱ ለሻጭ፣ አንዱ ለገዢ፣ አንዱም ታሽጎ ክርክር በተነሣ ጊዜ ለገላጋይ ላቦራቶሪ ይቀመጥ። ክምሩ በወደብ ላይ ሸራ ሳይለብስ አይደር።

ባለ ሱቁም ከዚህ ንግድ ባዶ እጁን የሚቀር አይደለም። የማጣሪያ ጨርቅ፣ የጎማ ማሸጊያ፣ የፓምፕ ዕቃ፣ ማዝቀጫ ኬሚካል፣ ኖራ፣ የናሙና ሚዛንና ማድረቂያ ምድጃ ፋብሪካው በሚሠራበት ዘመን ሁሉ የሚፈለጉ ናቸው። ትልቁ መሣሪያ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ጨርቁ ግን በየጊዜው ያልቃል። በአቅራቢያው ጨርቅ የሚያገኝ ፋብሪካ መርከብ እስኪመጣ ሥራ አይፈታም፤ ጨርቁን የሚያቀርበውም ነጋዴ ደንበኛ አያጣም።

ነጋዴዎች በኅብረት ሊያስቡበት የሚገባም አንድ ነገር አለ። የእርጥበትንና የመፍሰስን ወሰን የሚመረምር፣ በሻጭም በገዢም ዘንድ የታመነ ላቦራቶሪ በቅርብ ካልተገኘ ናሙናው ባሕር ተሻግሮ እስኪመለስ ድረስ ሰባቱ ቀናት ያልፋሉ። ለቡና ቅምሻና ደረጃ ማውጫ እንደ ተቋቋመለት ሁሉ ለማዕድንም እንዲህ ያለው ቦታ ቢሟላለት የሚጠቀመው አንድ ኩባንያ ብቻ አይደለም፤ የአገሪቱ የንግድ ስም ራሱ ነው።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው ምሳሌ ነገር ሳይከር እንዲታረም የሚመክር ነው። ለማዕድን ነጋዴ ግን ከምሳሌው የሚስማማው ግማሹ ብቻ ነው፤ ዕቃው ከፋብሪካው ሳይርቅ፣ በቅርቡ ሳለ፣ ይድረቅ።